ከኢምፓላዋ መስታወት የማይለቅ እድፍ

ኦገስት 24፣ እሑድ

ዛሬም ኢምፓላዬን አጠብኳት። የፊት መስታወቷ ላይ፣ ልክ ከመሪው ትይዩ፣ አንዲት እድፍ አለች፤ ቅባት የነካው ጣት ያረፈበት ትመስላለች። በሳሙና ሞከርኳት፣ በኮምጣጤ ሞከርኳት፣ በጋዜጣ ወለወልኳት። ወይ ፍንክች! የጎረቤቴ ዛፍ ሙጫ መሆን አለበት። ዛፍህን ቁረጥልኝ ስለው "መኪናህን አንሳት" አለኝ፣ ደፋር።

ከዚያች እድፍ በቀር እንከን አይወጣላትም። የ1996 ኢምፓላ ኤስ ኤስ፣ ጥቁር ወይን ጠጅ፣ ባለ ስምንት ሲሊንደር፣ ማርሿ መሀል ወለሉ ላይ። ከመሸጫው በአዲስነቷ ነድቼ ያወጣኋት እኔ ነኝ። በዚያው ዓመት እሷን መሥራት አቆሙ። ስሟን በኋላ ለሌላ መኪና ሰጥተውታል፤ እኛ ያንን አንቆጥረውም። ቀለሟ፣ ቸርኬዋ፣ መቀመጫዋ፣ መስታወቷ ሁሉ ከፋብሪካ ይዛው የወጣችው ነው። መስታወቱ ጥግ ላይ የፋብሪካው ማህተም አለ፤ እንግዳ ሲመጣ መጀመሪያ የማሳየው እሱን ነው። ዲትሮይት ውስጥ እንደሷ ያለች ካለች ያምጡልኝ።

የጨው ጉዞ ቀኑ ተቆርጧል፤ ኦክቶበር 25። ከተማው ለበረዶ ብሎ ብረት የሚበላ ጨው መንገድ ላይ መበተን ሳይጀምር፣ መኪኖቻችንን ለክረምት ሳንሸፍናቸው፣ የክለባችን ኢምፓላዎች በሙሉ ተሰልፈው በውድዋርድ ጎዳና ወደ ሰሜን፣ ወደ ፖም መጭመቂያው፣ ጭማቂ ወደሚሸጥበት፣ ይወጣሉ። ከአዲስነቷ ጀምሮ የያዛት ሰው ከፊት ይመራል፤ ደንባችን ነው። ያ ሰው እኔ ነኝ። ሌላው ሁሉ የኔን የኋላ መብራት እያየ ይከተላል። ዕድሜ ልኬን የከተማ አውቶቡስ ነድቼ፣ ሰው ሳልነካ ጡረታ የወጣሁ ነኝ። ከኔ ሌላ ማን ሊመራ ነው?

የዚህ ደብተር መስመሮች ጠማማ ናቸው። ርካሽ ዕቃ።

ኦገስት 28፣ ሐሙስ

ጉድ ነው። ሚስቴ ቨርና ኢምፓላዋን ወደደቻት።

ከገዛኋት ቀን ጀምሮ "ሁለተኛዋ ሚስትህ" ነበር የምትላት። ቤተ ክርስቲያን እንኳ ስትሄድ በራሷ ትንሽ መኪና ነው። አሁን ግን ቁልፍ ሲንቃጨል ከሰማች ቦርሳዋን አንጠልጥላ፣ እኔ ጫማዬን ሳላስር፣ ጋቢና ገብታ ትጠብቀኛለች። ፀጉር አስተካካይ ቤት እንኳ አብራኝ መጣች።

ወሬዋ ግን! "ውይ፣ ይሄ ቀይ መብራት ዛሬም ያዘን!" "ያንን ብስክሌት የሚነዳ ሰውዬ አየኸው? ምን ዓይነት ብርቱካንማ ነው የለበሰው!" "ከአበባ መሸጫው ጋ ነው አይደል የምንታጠፈው?" እኔም "አዎ እመቤቴ" እያልኩ እነዳለሁ። ድሮ በመንገድ ላይ ብዙ አታወራም ነበር። ጥሩ መኪና የሰው አፍ ይፈታል።

ሴፕቴምበር 2፣ ማክሰኞ

የዝናብ መጥረጊያዎቹን ቀየርኩ። እድፏ እዚያው ናት።

ሴፕቴምበር 7፣ እሑድ

ክለቡ የተዘጋው የገበያ አዳራሽ መኪና ማቆሚያ ላይ ተገናኘ። ኮፈን ተከፍቶ፣ ታጣፊ ወንበር ተዘርግቶ፣ የጎድን አጥንት ተጠብሶ። ሁሉም የሌላውን ሞተር፣ ዓመቱን ሙሉ ያየውን፣ እንደ አዲስ አጎንብሶ ያያል። ሊቀመንበራችን ዮላንዳ የጉዞውን መስመር አነበበች፤ "መሪ፣ እንደ ወትሮው፣ ሮስኮ ቲለሪ" ስትል አጨበጨቡ። ቆብ አነሳሁላቸው።

ከዚያ የጅል ሥራ ሠራሁ። ልሄድ ብዬ በሩን ከፍቼ ገባሁ፣ ተደላደልኩ፣ እጄን መሀል ላይ ወዳለው ማርሽ ሰደድኩ። ባዶ ነው። የሆሊስ መኪና ውስጥ ነው የገባሁት! የሆሊስ ቤክዊዝ የ1994 ናት፣ የ94 ማርሽ ደግሞ መሪው ላይ ነው ያለው። ሆሊስ ያውቶቡስ ድርጅቱ መካኒክ የነበረ፣ የልብ ወዳጄ ነው። መጥቶ በመስኮቱ አጎነበሰ።

"ምነው ወንድሜ፣ ልትሰርቀኝ ነው?"

"የታክሲ ማርሽ ያላትን ማን ይሰርቃል?"

"ሮስኮ፣ የኔ እኮ ጥቁር ናት። ያንተ ወይን ጠጅ።"

"ፀሐይ ዓይኔ ውስጥ ገብታ ነው።"

ሰው ሁሉ ሳቀ። ሆሊስ አልሳቀም። ጥቁሩን ከወይን ጠጁ ሕፃን እንኳ አይስተውም፤ እኔ በጨለማ በጎማው ድምፅ የምለይ ሰው። ነገሩ አናዶኛል። ፀሐይዋ ናት እንጂ። ብዙም ሳንቆይ ዝናቡ መጣና ተበተንን።

ሴፕቴምበር 11፣ ሐሙስ

እድፏ አድጋለች። ዛሬ ገባኝ፤ ላዩ ላይ አይደለችም፣ መስታወቱ ውስጥ ናት። መስታወት ሲያረጅ ከውስጥ ይደፈርሳል። መቀየር አለበት።

ለሆሊስ ነገርኩት። ራሱን ይዞ ጮኸ።

"የፋብሪካውን መስታወት? አብደሃል እንዴ! እኔ እኮ ምንም አይታየኝም። ደህና ጥርስ ይነቀላል?"

"አንተ መቼ የመጀመሪያው መስታወት ኖሮህ ታውቅና ነው?"

"ለሱ እኮ ነው የምለምንህ! ስንት ዓመት ስትኮራብን የኖርክበት ነው።"

ማታ ቨርና ሳህን እያጠበች ፊቷን ሳታዞር "ከመስታወቱ በፊት ዓይንህን ብትታይስ?" አለችኝ።

"ዓይኔ ምን ሆነ? አንቺን ከመንገድ ማዶ አይቼ አይደል ያገባሁሽ?"

የታጠበውን ሳህን ደግማ አጠበችው። ቅናት ይሆናል። መስታወቱን ለመቀየር የምሄድበት ሱቅ ከሆሊስ ቤት አልፎ ነው፤ እሷም እመጣለሁ አለች።

ሴፕቴምበር 16፣ ማክሰኞ

ተቀየረ። አሮጌው መስታወት ሲነቀል ጥርስ ከድድ እንደሚላቀቅ ዓይነት ድምፅ አወጣ። ሰባሪ እጅ እንዳይነካው በብርድ ልብስ ጠቅልዬ ጋራዡ ግድግዳ ላይ አስደግፌዋለሁ። አዲሱ ግን ውሃ ነው! በሱቁ ጥላ ሥር ቆሜ አየሁት፤ ጥርት ያለ። እኔ ያልኩት ሁሉ ልክ ነበር።

ሴፕቴምበር 17፣ ረቡዕ

እዚያው ናት። እዚያችው ቦታ።

ሱቁ ድረስ ሄጄ ጮህኩ። ብልሹ መስታወት ሸጠውልኛል። መስታወት ገጣሚው ልጅ ከውስጥም ከውጭም አየው፣ በጥፍሩ ፋቀው፣ ትንፋሹን እፍ ብሎበት በሸሚዙ ወለወለው።

"አጎቴ፣ ይቅርታ አድርግልኝ፣ እኔ ምንም አይታየኝም።"

"አንተ ስለማይታይህ የለም ማለት ነው?"

ልጁ ወደ ቨርና አየ። ቨርና ወደ ቦርሳዋ አየች። ወደ ቤት ስንመለስ ስለ መብራት ብቻ ነው ያወራችው። ቀይ። አረንጓዴ። አሁን ቀይ።

ሴፕቴምበር 26፣ ዓርብ

ቨርና ቶሊዶ ከተማ እህቷ ጋ ሄዳለች። ለብቻዬ ወጣሁ፣ ዳቦ ልገዛ።

ፍሬኗ በጣም ጥሩ ነው። የሕፃኑ ጋሪ ምንም አልሆነም። ሴትዮዋ ብዙ ጮኸች። ሕፃኑ አልነቃም እንኳ።

ዳቦውን አልገዛሁም።

ሴፕቴምበር 28፣ እሑድ

ቤተ ክርስቲያን አልሄድኩም። ቨርና ነገ ትመለሳለች፤ ምን እንደምላት አላውቅም። ምንም አልላት ይሆናል። ምን ተፈጠረና?

ረጋ ብዬ ልጻፈው። እግረኛ መሻገሪያው ላይ ማንም አልነበረም። አይቻለሁ። አውቶቡስ ስነዳ የኖርኩ ሰው መሻገሪያ ሳያይ አያልፍም። ማንም አልነበረም፤ ከዚያ እናትየዋም፣ ጋሪውም፣ ከእድፏ ውስጥ ወጡ። ሌላ የምገልጽበት ቃል የለኝም። ፍሬኑን ረገጥኩት፤ የፊት መከላከያዋ ከጋሪው ጎማ አጠገብ ቆመ። ሴትዮዋ ኮፈኑን በመዳፏ ደበደበችው። "ዕውር ነህ? ዕውር ነህ ወይ?" ትለኛለች። ድሮ ማንም ኮፈኔን በጣቱ ቢነካ ቆዳው ይገፈፍ ነበር። እሷን ግን ተውኳት። ከመኪና ወርጄ ይቅርታ ልላት ይገባኝ ነበር፣ መሪውን ይዤ ቀረሁ። ምን ዓይነት ሰው ነኝ?

አሁንም እላለሁ፤ መስታወቱ ነው። ሌላ ሱቅ ወስጄ አስቀይረዋለሁ። ለጨው ጉዞ መድረስ አለበት። ከኋላዬ ሰው ነው የሚከተለኝ።

ኦክቶበር 2፣ ሐሙስ

ዛሬ የሰማሁትን እጽፈዋለሁ።

ከመኪናዋ ኋላ ዱካ ላይ ቁጭ ብዬ ቸርኬ እወለውላለሁ። ቨርናና ሆሊስ ከጋራዡ በር ፊት ቆመው ያወራሉ፤ እኔን አላዩኝም።

"ደከመኝ ሆሊስ" ትላለች የኔዋ። "የትራፊክ መብራት መሆን ደከመኝ። ቶሊዶ ሄጄ እንቅልፍ በዓይኔ አልዞረም፤ ስልክ በጮኸ ቁጥር ሰው ገደለ ብዬ ነው የማነሳው። እሱ ደግሞ መኪናዋን ወደደቻት እያለ ለሰው ያወራል! ወገቤን ያወለቀኝን መቀመጫ!"

"ንገሪው እንግዲህ።"

"ምን ብዬ? መንገድ ላይ ያረጀን ሰው 'ዓይንህ ሄዷል' ብዬ? አንተ ወንድሙ ነህ፣ አንተ ንገረው።"

"እኔ ብነግረውማ መሪነቱን ፈልጎ ነው ይለኛል። ታውቂው የለ።"

እውነቱን ነው። እንደዚያ ነበር የምለው።

ሲሄዱ ከዱካዬ አልተነሳሁም። ከኋላ መስኮቷ አጠገብ የምትዘለዋ ሚዳቋ አለች፤ የኢምፓላዋ ምልክት፣ ትንሽ ክብ ውስጥ። ግራ ዓይኔን ጨፍኜ አየኋት። ጭንቅላት የላትም። ቀኜን ጨፍኜ አየኋት፤ ጭንቅላት አላት፣ ግን ጠማማ ነው። ከዚያ ወደ ግድግዳው አየሁ፤ እድፏ ግድግዳው ላይ ናት። ወደ ጣሪያው፤ ጣሪያው ላይ። ወደ መዳፌ፤ መዳፌ ላይ። በብርድ ልብስ የተጠቀለለው መስታወት ግድግዳውን ተደግፎ ቆሟል። ምንም ያላጠፋ መስታወት። በገዛ እጄ ከፍዬ አስነቀልኩት።

ወጥ ቤት ገባሁ። ቨርና ዞረች። ጆሮ ጌጧን አየሁት፣ ፀጉሯን አየሁት፣ ትከሻዋን አየሁት።

"ቨርና፣ እየሳቅሽ ነው ወይስ ተቆጥተሽ?"

የያዘችውን ማንኪያ አስቀመጠች።

"ምነው?"

"ፊትሽ አይታየኝም።"

አልቅሼ አላውቅም ማለት ውሸት ነው፤ እናቴ ስትሞት አልቅሻለሁ። ዛሬ ግን ከዚያ በላይ አለቀስኩ። ስለ ጋሪውም ነገርኳት። አልጮኸችብኝም። ብትጮህብኝ ይሻለኝ ነበር። ቁልፉን ከኪሴ አውጥቼ ጠረጴዛው ላይ አኖርኩት።

ኦክቶበር 9፣ ሐሙስ

የዓይን ሐኪሟ ቀጭን፣ ቆፍጣና ሴት ናት። የዓይኔ መሀል ነው የሚበላው፤ ዳር ዳሩ ይተርፋል። መርፌ አለ፣ ዓይን ውስጥ የሚወጋ፤ የሄደውን ብዙም አይመልስም፣ የቀረውን ሊያቆይልኝ ይችላል። በፀደይ መጥቼ ቢሆን ኖሮ ይሻል ነበር አለች። በፀደይ ዛፍ ስረግም ነበር።

"መንዳት አቁመዋል፣ አቶ ቲለሪ?"

"አልፎ አልፎ ብቻ ነው የምነዳው።"

"ዛሬ አቁመዋል።"

ሴትዮዋን ወደድኳት። አውቶቡስ ድርጅት ብትቀጠር ጥሩ ተቆጣጣሪ ይወጣት ነበር። የመጀመሪያውን መርፌ ወጋችኝ። እንደፈራሁት አይደለም፤ የሆሊስ ቀልድ የባሰ ያማል።

ኦክቶበር 14፣ ማክሰኞ

ቨርና ወፍራም ጥቁር እስክሪብቶ ገዛችልኝ። ከዳር ዳሩ እያየሁ፣ አንገቴን እንደ ዶሮ አዘንብዬ እጽፋለሁ።

ሆሊስ መጣ። መሪነቱን ልስጠው ብዬ ተዘጋጅቼ ነበር፤ ቃሉን ሳልጨርስ "እኔ ከፊት አልሄድም" አለኝ። "ዕድሜዬን ሙሉ ያንተን ቂጥ እያየሁ ነው የነዳሁት፤ መንገዱን አላውቀውም።"

ከዚያ ስልኩን አንስቼ ዮላንዳ ጋ ደወልኩ። "የኔዋ ኢምፓላ ትመራለች" አልኳት። "ቨርና ትነዳለች።"

ቨርና ከሳሎን "ማንን ጠይቀህ?" ብላ ጮኸች።

"ወድጃታለሁ ስትዪ አልነበር?"

"እኔ አንድም ቀን አላልኩም! አንተ ነህ ያልከው!"

ዮላንዳ በስልኩ ውስጥ ስትስቅ ሰማኋት። ያቺን መኪና ከኔ ሌላ ሰው ነድቷት አያውቅም። ሆሊስ እንኳ፣ ሞተሯን አውርዶ የሰቀለው፣ ከጋራዥ አስወጥቷት አያውቅም። ሲያስበው አፉን ከፍቶ ቀረ።

ኦክቶበር 19፣ እሑድ

ልምምድ፣ በተዘጋው ገበያ መኪና ማቆሚያ። እኔ ጋቢና። ሆሊስ ዳር ቆሞ።

"መሪውን እንዲህ አትያዢው። ቀስ። ወገቧ ሰፊ ነው። ሲታጠፉ ኋላዋ…"

"ሮስኮ፣ ተሳፋሪ ሾፌሩን አያናግርም የሚለው ጽሑፍ አውቶቡስህ ውስጥ አልነበረም?"

ነበር። ዝም አልኩ። ሁለተኛው ዙር ላይ ቤንዚኑን ረገጠችው፤ ጎማው ጮኸ፣ ጀርባዬ መቀመጫው ላይ ተለጠፈ፣ ቦርሳዋ ወደ ኋላ ተወረወረ። ስንቆም መሪውን በሁለት እጇ እንደጨበጠች ነበረች።

"እንዲህ ናት እንዴ?" አለች በመጨረሻ።

"እንዲህ ናት።"

"ይህን ሁሉ ዓመት?"

"ግቢ ስልሽ እምቢ አልሽ።"

አንድ ዙር ልድገም አለች። ሦስት ደገመች።

ኦክቶበር 22፣ ረቡዕ

ሆሊስ ከአንድ ወዳጁ ጋር መጥቶ አዲሱን መስታወት አነሱት፤ የፋብሪካውን ከብርድ ልብሱ አውጥተው መለሱት። እኔ ጥጉን በመዳፌ ደግፌ ይዤ ነበር። ማህተሙን በአውራ ጣቴ ፈለግሁት፤ ስለማይታየኝ እንጂ ቦታውን አውቀዋለሁ። እዚያው ነው።

"አሁን እድፍ አላት?" አለኝ ሆሊስ።

"የላትም" አልኩት።

ኦክቶበር 25፣ ቅዳሜ

የፖም ጭማቂ ጠጥተን፣ ትኩስ ዶናት በልተን፣ ተመልሰናል። ጣቴ አሁንም ስኳር ነው። የሆነውን በሙሉ መጻፍ አለብኝ፣ እስክሪብቶው ገጹን ቢጨርሰውም።

ጠዋት ውርጭ ነበር። ሁሉም ሞተር ባንድ ላይ ሲነሳ መሬቱ በጫማዬ ውስጥ ነዘረኝ። ሰው እየመጣ ትከሻዬን ይነካል፤ ማን እንደሆነ በድምፁ እለያለሁ። ማንም "አይዞህ" አላለኝም፣ ተመስገን። አንዱ "አጎቴ፣ ዛሬ ሾፌር ቀጥረሃል አሉ" ሲለኝ "ከፊቴ ገለል በል፣ መሪ ነው የምታናግረው" አልኩት። ቨርና ለቤተ ክርስቲያን የምታደርገውን ባርኔጣ አድርጋ መጣች። መቀመጫውን ወደፊት ሳበችው፤ ከልምምዱ በፊት አንድም ቀን ተስቦ አያውቅም።

ውድዋርድ ላይ ወጣን። ዝም አለች። እኔ እጄ ባዶ፣ እግሬ የሌለ ፍሬን እየረገጠ፣ ከፊቴ ያለውን ጭጋግ ከዳር ዳር አያለሁ። የመጀመሪያው መስቀለኛ ላይ ከፍ ብሎ የሆነ ነገር ሲበራ ታየኝ።

"ቀይ ነው፣ ቀስ በይ!" አልኳት።

"አረንጓዴ ነው ሮስኮ" አለችና ቤንዚኑን ረገጠችው።

ከኋላችን ክላክሱ ሁሉ አብሮ ጮኸ። ሳቅሁ፤ ዓይኔ እንባ እስኪያወጣ ሳቅሁ። ከዚያ ሳቁ አለቀና ዝምታው ከበደኝ። ሌላ መብራት አለፍን፣ ምን እንደነበር አላውቅም። ክረምት መጣ፣ መኪናዋ ትሸፈናለች፣ በፀደይ ስትገለጥ ከዚህ ያነሰ ነው የማየው። ፈራሁ። ይህን ለማንም አልተናገርኩም፤ እዚህ እጽፈዋለሁ።

"ቨርና" አልኳት፣ "ንገሪኝ እስቲ።"

"ምኑን?"

"እንደዚያን ጊዜው። የሚታይሽን።"

ከመንገዱ ዓይኗን አላነሳችም፤ ግን እጇን ከመሪው አንስታ ጉልበቴን መታ መታ አደረገችና መለሰችው።

"እሺ" አለች። "ግራ ላይ አንድ ትልቅ ዛፍ አለ፣ ግማሹ ቢጫ ግማሹ ቀይ፤ የጎረቤትህን ይመስላል፣ ብትረግመውም ቆንጆ ነው። አንድ ሰውዬ ውሻውን ሹራብ አልብሶታል፣ እሱ ራሱ በሸሚዝ ነው። ሆሊስ ከኋላችን ነው፣ ተጠግቶኛል፣ ላሳየው እንዴ? አሁን ቀይ መብራት ነው፣ ቆሜያለሁ። አንዲት ሴት ጋሪ እየገፋች ትሻገራለች። አየችን። እጇን አውለበለበችልን።"

እኔም ወደ ነገረችኝ አቅጣጫ እጄን አውለበለብኩ።

እስከ ፖም መጭመቂያው ድረስ ዝም አላለችም።